አጥርን በአራቱ ወቅቶች መጠበቅ

ከ3 ዓመት በፊት፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ በሐምሌ የተተከሉ የወይራና የጽድ ችግኞችን ለማየት ወደ አንድ የገጠር አጥቢያ ሄጄ ነበር። ችግኞቹን ከጣቢያው ያመጧቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ መንገዱ ለመኪና ስለማይመች ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተሸክመዋቸዋል። ስደርስ የጠበቀኝ ግን የተቆፈረው ጉድጓድና በየቦታው ቆሞ የቀረ ቅጠል የሌለው እንጨት ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ብዙ አልተናገሩም፤ በመቋሚያቸው ወደ ምሥራቁ አጥር ጠቆሙኝ። ጥጃ የሚያሳልፍ ሽንቁር ተከፍቶ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ እንዳስረዱኝ ሽንቁሩ በጥቅምት ከአንድ ክንድ አይበልጥም ነበር፤ ያየው ሁሉ «ነገ እንደፍነዋለን» እያለ አለፈ። አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ወደ ማሳው ሲለቀቅ በሁለት ሌሊት ሁሉም ተበላ።

ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አልነበረም። እኔም በጥቅምት እዚያው ነበርሁ። ችግኞቹን ቆጥሬ፣ የጸደቁትን በቅጹ ላይ መዝግቤ፣ ጸበል ጻዲቅ ቀምሼ ተመልሻለሁ። ቅጹ ስለ ችግኝ ብዛት እንጂ ስለ አጥር የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልተመለከትሁም።

ከዚያ ወዲህ በምሄድበት አጥቢያ ሁሉ፣ በካህናቱና በምእመናኑ መኖሪያ ግቢም ሳይቀር፣ አስቀድሜ የማየው አጥሩን ነው። አጥር የሚፈተንበት ወቅትና ለፈተናው የሚዘጋጅበት ወቅት የተለያዩ መሆናቸውን ተረድቻለሁ። ሽንቁሩ ጎልቶ የሚታየን ከብቱ ከገባበት በኋላ በበጋ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሕያው አጥር ለመትከል ዝናብ የለም፣ የቀረው አማራጭ መጥረቢያ ይዞ ወደ ደኑ ዳር መሄድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአጥርን ሥራ በዓመቱ ወቅቶች ከፍሎ ያያል። የሚናገረውም ስለ መኖሪያ ግቢና ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በአንድነት ነው፤ እሾሁም፣ ድንጋዩም፣ ምስጡም በሁለቱ ዘንድ አንድ ነውና።

ወቅቶቹን የምቆጥረው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ወይም ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት። በከተማ አነጋገር የመስከረምን ወራት ጸደይ ማለት ስለ ተለመደ አንባቢው እንዳይደናገር አስቀድሜ ማስታወሴ ነው። የምጠቅሳቸው ወራት ዋና ዝናቡን በክረምት ለሚያገኘው ወይና ደጋ የሚስማሙ ናቸው። የበልግ ዝናብ በሚጥልባቸው የወሎና የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች የተከላው ሥራ ቀደም ሊል ይችላል።

መፀው፤ አጥሩን መዞር

ዝናቡ ሲያባራ የመጀመሪያው ሥራ አጥሩን ዙሪያውን በእግር መዞር ነው፤ አንድ ጊዜ በውጭ፣ አንድ ጊዜ በውስጥ። በውጭ በኩል ስንሄድ ከብቱ የሚያየውን እናያለን፤ በውስጥ በኩል ስንሄድ ክረምቱ ያደረሰውን ጉዳት እናያለን። ዓይናችንም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይመልከት።

የእንጨት ቋሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ከመሬቱ ፊት ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ባለው ክፍሉ ነው፤ እርጥበትና አየር በአንድነት የሚያገኙት በዚያ ነውና። ከላይ ደኅና መስሎ የቆመ ቋሚ ከሥሩ ጭራሮ ሆኖ ይገኛል። በእያንዳንዱ ቋሚ ሥር አፈሩን ገለጥ አድርጎ በቢላዋ ጫፍ መውጋት ይበቃል፤ ቢላዋው ያለ ችግር ጠልቆ ከገባ ያ ቋሚ የየካቲትን ነፋስ አይችልም። ምስጥም በዚሁ ጊዜ ይታወቃል። በቋሚው ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ከታየ ውስጡ እየተበላ ነው። ጽድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ባሕር ዛፍ፣ ይልቁንም ለጋው፣ ቶሎ ይሸነፋል። ብዙዎች የቋሚውን እግር በእሳት ያጠቁራሉ፣ አንዳንዶችም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባሉ። ማጥቆሩ ለጥቂት ጊዜ ይረዳል። ዘይቱን ግን በውኃ ጉድጓድ አጠገብና ጎመን በሚተከልበት ጓሮ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ፤ አፈሩንም ውኃውንም ይበክላል። ሬንጅ ቀብቶ ዙሪያውን በጠጠር መጠቅጠቅና ውኃ ከሥሩ እንዳይተኛ ማድረግ ይሻላል።

በመረሬ መሬት ላይ ደግሞ የተለየ ችግር አለ። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በመፀው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በዚህ መካከል ቋሚውን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ያዘነብለዋል። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ያዘመመ ቋሚ የተተከለበት ሰው ሰነፍ ነው ተብሎ ባይወቀስ መልካም ነው። ስንጥቁ ሳይሰፋ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር፣ ዙሪያውን በጠጠር ሞልቶ መጠቅጠቅ ነው መፍትሔው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይኸው ሥራ ይደገማል።

ከሁሉ የከበደው የመፀው ጥያቄ ግን የእሾህ አጥር ነው። በብዙው ገጠራችን አጥር ሲባል የሚታሰበው ተቆርጦ የተከመረ እሾህ ነው፤ ቀንጠፋው፣ አጋሙ፣ የግራር ቅርንጫፉ። ሥራው ፈጣን ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም፣ በአንድ ቀን ደቦ አንድ ግቢ ይታጠራል። ነገር ግን እሾሁ ይደርቃል፣ ይረግፋል፣ በራሱ ክብደት ይቀመጣል፤ የእናቶች ምድጃ ሲቸገርም ከእርሱው እየተመዘዘ ይነድዳል። ስለዚህ በዓመቱ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመቱ፣ እንደ አዲስ ይቆረጣል።

ልጅ ሳለሁ በአባቴ ግቢ ኅዳር የእሾህ ወር ነበረ። መጀመሪያ የማስታውሰው ቀንጠፋውን ከቤታችን ጀርባ ካለው ገደል አፋፍ ስንቆርጥ ነው፤ እናቴ ከደጃፍ ሆና ስትጠራን እንሰማት ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወንዙን መሻገር ነበረብን። ለአብነት ትምህርት ከቤት በወጣሁበት ዓመት ጠዋት ሄደን የተመለስነው ከቀትር በኋላ ነበር፤ ያውም አባቴ የቆረጡት ከደብሩ ደን ዳር ነው። እርሳቸው ካህን ነበሩ፤ የሚያደርጉትም ነገር እንደማይገባ ያውቁ ነበር። ግን ጎመኑና ጌሾው መታጠር ነበረበት። ቁጥቋጦውን ከዳር ከዳር እየቆረጥን ለጓሮ አጥር ስናደርገው የደኑን የራሱን አጥር እያነሣን እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ቁጥቋጦው ሲያልቅ ከብቱ ወደ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ አዲስ ወደሚበቅለው ቡቃያ፣ በቀላሉ ይገባል።

ይህን ስል የእሾህ አጥር ዛሬውኑ ይቅር ማለቴ አይደለም። በአንድ ዓመት ሊተካው የሚችል ነገር የለምና። የምመክረው ሌላ ነው። በመፀው የሚታጠረው እሾህ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ይታጠር፤ በውስጡ በኩል የቀረው ስፍራ ለክረምቱ ሕያው አጥር ይጠበቅ። ሙቱ አጥር ሕያው የሆነውን ለሁለትና ለሦስት ዓመት አሳድጎ ይሰናበታል። ብዙ የሕያው አጥር ሥራ የከሸፈው አሮጌው እሾህ ተነሥቶ በባዶ ሜዳ ላይ ስለ ተተከለ ነው።

በጋ፤ ፈተናውና የካቡ ሥራ

ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ አዝመራው ከማሳ ይነሣል፣ ከብቱም ያለ ጠባቂ ይለቀቃል። ከጥር በኋላ በአካባቢው ለምለም ሆኖ የሚታየው በአጥር ውስጥ ያለው ብቻ ይሆናል፤ የጓሮው ጌሾ፣ ቡናው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን። የተራበ በሬ አጥርን በግንባሩ ይፈትናል፤ ፍየል በላዩ ትወጣለች፤ አህያ በጎኑ እየተሻሸ ያላላዋል። በክረምት ማንም ሳይነካው የቆመ አጥር በዚህ ጊዜ በየሌሊቱ ይፈተናል።

በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ጥናት ያደረጉት ዶክተር አለማየሁ ዋሴና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከብት እንዳይገባ መከልከል ለዘር መብቀልና ለቡቃያው በሕይወት መቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ከሩቅ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ከሥሩ ተተኪ ላይኖረው ይችላል፤ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት ቤት ማለት ነው። በዚያው በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ገበሬው ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ እያመጡ በደናቸው ዙሪያ ካብ ሠርተዋል። ይህ አሠራር ደስ የሚያሰኘኝ ሁለት ጥቅም በአንድ ላይ ስላለው ነው፤ እርሻው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል፣ አንድም እሾህ አይቆረጥም።

ድንጋይ ባለበት አገር የካብ ሥራ ከበጋ የተሻለ ጊዜ የለውም። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ሰውም ከእርሻ ፋታ አለው። ሆኖም በችኮላ የተከመረ ድንጋይ ካብ አይባልም፤ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በመጀመሪያ የላላው አፈር እስኪያልቅና ጠንካራው መሬት እስኪገኝ፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ይቆፈራል። ትልልቆቹ ድንጋዮች በመሠረቱ ይቀመጣሉ። ካቡ ድርብ ይሁን፤ ማለትም በውጭና በውስጥ ሁለት ፊት ኖሮት መካከሉ በትናንሽ ድንጋይ በደንብ ይሞላ። አፈር ሞልቶ መተው ስሕተት ነው፤ ዝናቡ አፈሩን ያጥበዋል፣ ፊቶቹም ወደ ውስጥ ይወድቃሉ። የእግሩ ስፋት የቁመቱን ግማሽ ያህል ይሁን፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይሂድ። እያንዳንዱ ድንጋይ በሥሩ ባሉት በሁለቱ ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ይረፍ፤ ከታች እስከ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከታየ በዚያ በኩል ይከፈታል። በካቡ ወገብ ላይ፣ በየሁለት ክንዱ ርቀት፣ ከውጭው ፊት እስከ ውስጠኛው የሚደርስ ረጅም ማሠሪያ ድንጋይ ይግባ። ጠፍጣፋና ከባድ የሆኑት ድንጋዮች አስቀድመው ተለይተው ለክዳኑ ይቀመጡ፤ ብዙ ጊዜ ግን ግንበኛው መልካም መልካሙን በመጀመሪያው ቀን ስለሚጨርሰው ክዳኑ በጠጠር ይቀራል። ካቡ ተዳፋትን የሚያቋርጥ ከሆነ በእግሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት፤ መውጫ ያጣ ጎርፍ ካቡን ይገፋዋል። ፍየል ባለበት አገር በክዳኑ ላይ ጥቂት እሾህ ማኖር ይጠቅማል።

ድንጋይ ሲለቀም የእርሻ እርከን እንዳይነካ ኮሚቴው አጥብቆ ይከታተል። የአንዱን ገበሬ እርከን አፍርሶ የደብሩን ካብ መሥራት በክረምት ጸጸት ያመጣል።

በከተማና በወረዳ ከተማ ላሉ ግቢዎች የበጋው ጠላት ነፋስ ነው። የቆርቆሮ አጥር እንደ ሸራ ነፋስን ይይዛል፤ ምስማሩ የላላ አንድ ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱን ያላላል። በታኅሣሥ ምስማሮቹን ማጥበቅ፣ ማገሩን መፈተሽ፣ ረጅሙን አጥር በየመካከሉ በድጋፍ መያዝ ይገባል። ቆርቆሮው ከአፈር ጋር ከተነካካ ከሥሩ ይዝጋል፤ ጥቂት ጣት ያህል ከመሬት ከፍ ብሎ ሥሩ በድንጋይ ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል።

እሳትም አለ። የደረቀ የእሾህ አጥር በየካቲትና በመጋቢት ለመንደድ የተዘጋጀ ክምር ነው። ማድ ቤቱ በአጥሩ ጥግ የተሠራበት ግቢ፣ አመድ ከአጥር ሥር የሚደፋበት ቤት፣ የጧፍና የዕጣን ፍም ያልጠፋ ሆኖ የሚጣልበት የደብር ጥግ፣ እነዚህን በስም እየጠሩ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአጥሩ ሥር ያለውን ደረቅ ሣር በሁለት እርምጃ ስፋት አጭዶ ማንሣት ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ጸደይ፤ የሚተከለውን መምረጥ

ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ የዝግጅት ጊዜ ነው። ለሕያው አጥር የሚሆኑ ዕፀዋት በአገራችን ሞልተዋል፤ ሆኖም ሁሉም ለሁሉም ቦታ አይሆንም።

ሰንሰል (በአንዳንድ አካባቢ ስሚዛ ይባላል) ለመኖሪያ ግቢ የምመርጠው ነው። ከተቆረጠ ግንድ በቀላሉ ይበቅላል፣ ቅጠሉን ከብት አይደፍረውም፣ አበባውን ንብ ይወደዋል። እሾህ ግን ስለሌለው ብቻውን በሬ አያቆምም፤ ከእሾሃማ ተክል ጋር ቢሰባጠር ይሻላል። ቀጋና አጋም እሾሃቸው ጽኑ፣ ፍሬያቸውም የሚበላ ነው፤ ዕድገታቸው ዝግ ስለሚል ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ለደን ዙሪያ፣ ልጆች ለማይጫወቱበት ዳር፣ እነዚህ ይስማማሉ። ባሕር ዛፍን በእርሻ ዳር እንደ አጥር መደርደር ግን የጎረቤትን ማሳ ውኃና ፀሐይ መውሰድ ነው። የወፍ ቆሎ የሚባለውንም ቁጥቋጦ አበባው አምሮ ስለ ታየ ብቻ አምጥቶ መትከል አይገባም፤ ከብት ይመርዛል፣ አንድ ጊዜ ከገባም ወፎች ዘሩን በየቦታው ያዳርሱታል።

ቁልቋልና ቅንጭብ በደረቅና በድንጋያማ መሬት ወደር የላቸውም። በእነርሱ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ የቁልቋል ቅርንጫፎች ጠዋት አስቆርጬ ከሰዓት በኋላ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይ በረድፍ አስተከልሁ። «ዝናብ ሳለ ነው እንጂ መቼ ሊጸድቅ ነው» የሚል ሐሳብ ነበረኝ። አንድ አረጋዊ «ልጄ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ታስቀብረዋለህ?» ብለውኝ ነበር፤ በአክብሮት ሰምቼ በሥራ አልሰማኋቸውም። በነሐሴ ረድፉ በሙሉ በስብሶ ሸተተ። ቁልቋል ዝናቡ ሳይበረታ በግንቦት ይቆረጣል፤ ወተቱ ፈስሶ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በጥላ ይቆያል፤ ከዚያም ውኃ በማይተኛበት ስፍራ ጥልቀቱ ብዙ ባልሆነ ጉድጓድ ይተከላል፣ እንዳይወድቅም በድንጋይ ይደገፋል። ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። የሚቆርጠው ሰው እጁንና ዓይኑን ሸፍኖ፣ ነፋስን በጀርባው አድርጎ ይቁረጥ፤ ልጆችን ለዚህ ሥራ ማሰማራት ፈጽሞ አይገባም። ዓይን ከተነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በጸደይ የሚፈጸም ሌላም ሥራ አለ፤ ወሰንን መለየት። ሕያው አጥር እንደ እሾህ በተቀመጠበት አይቀርም፣ ወደ ጎን ይሰፋል። በድንበሩ መስመር ላይ የተተከለ ሰንሰል ከ5 ዓመት በኋላ በጎረቤቱ ማሳ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር አባቶች በሽምግልና የምታውቁት ነው። አንድ ሰፊ እርምጃ ወደ ራስ ግቢ ገባ ብሎ መትከል፣ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ጎረቤትን ጠርቶ ማሳየት፣ በእርሱ በኩል ያለውን ማን እንደሚገርዘውና ቅርንጫፉን ማን እንደሚወስደው መነጋገር ያስፈልጋል። ደብሩ ከምእመኑ ማሳ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት።

ክረምት

የክረምቱ ሥራ ቀደም ብሎ ከተዘጋጀ ቀላል ነው። የሰንሰሉ ቁራጭ አውራ ጣት ያህል ወፍራም፣ አንድ ክንድ ያህል ረጅም ይሁን፤ ሢሶው ከመሬት ይቀበር። በአንድ ረድፍ ከመትከል በሁለት ረድፍ፣ የኋለኛው በፊተኛው ክፍተት ትይዩ ሆኖ፣ በየአንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ቢተከል ከሥሩ ጥቅጥቅ ይላል። መጀመሪያ የበቀለውን ጫፍ መቁረጥ ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ «ገና ሊያድግ ሲል» ይላሉ። ጫፉ በለጋነቱ ካልተቆረጠ ግን ተክሉ ወደ ላይ ይመዘዝና ከሥሩ ራቁቱን ይቀራል፤ በግም ጥጃም የሚገቡት በዚያ ነው። ጉልበት ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ፣ ወገብ ላይ ሲደርስ ሌላ ጊዜ ይቆረጥ።

ከዚህ ሌላ የአጥሩን ዳር ማረም፣ የውኃ መውረጃውን መጥረግ፣ ያልጸደቀውን በነሐሴ መጀመሪያ መተካት ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የተተከለ ቁራጭ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ ማን የቱን እንደ ሠራ በስም ተዘርዝሯል። ካህናቱ የበጎች በርን ሠሩ፤ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን አደሱ። በምዕራፍ 6 ቁጥር 15 እንደ ተጻፈው ሥራው በ52 ቀን ተፈጽሟል። ለአጥር ሥራ ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላየሁም። «ምእመናን ሁሉ ይተባበሩ» ተብሎ በዐውደ ምሕረት ሲነገር የሁሉም የሆነው የማንም ሳይሆን ይቀራል። አጥሩ በድንጋይ ምልክት ተከፋፍሎ ለየቤቱ ሲሰጥ ግን ሽንቁሩ ስም ይኖረዋል። የደካሞችና የመበለቶች ድርሻ በወንፈል ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይያዝ፤ ይህም አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ካህናትም እንደዚያን ጊዜው የራሳቸውን ክፍል ቢወስዱ ሌላው ለመከተል አይቸገርም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይታይ ይቀራል። ሽንቁርን ከመድፈን በፊት ለምን እንደ ተከፈተ መጠየቅ ይገባል። በመግቢያዬ ወደ ጠቀስሁት አጥቢያ በመጋቢት ተመልሼ ከአስተዳዳሪው ጋር በዚያ ሽንቁር አጠገብ ጥቂት ቆየን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪዎች በዚያ በኩል እየተሹለኮለኩ ወደ ትምህርት ቤታቸው አለፉ፤ ቀጥለውም ውኃ የሚቀዱ እናቶች መጡ። በዋናው በር ቢዞሩ ረጅም መንገድ ነበረባቸው። ከብቱ የገባው ልጆቹ በከፈቱት መንገድ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ በእሾህ ተደፍኖ አራት ጊዜ የተከፈተውም ስለዚሁ ነበር።

ኮሚቴው በዚያ ቦታ ላይ ሰው የሚያልፍበት፣ ከብት የማያልፍበት መግቢያ ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሁለት አጫጭር ካቦች ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን በጠባቡ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያጥፉታል። ሰው ዞር ብሎ ያልፋል፤ በሬ ግን አካሉ አይታጠፍለትም። እንስራ የተሸከመች እናት እንዳትቸገር ስፋቱን የለኩት ሁለት እናቶች ራሳቸው ማሰሯቸውን አዝለው እያለፉ ነው፤ መጀመሪያ የሠራነው ጠቦ ስለ ነበር አንዱ ካብ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ልጆቹ ችግኝ እንደገና ተሸክመው መጡ። እኔም በቅጹ ግርጌ በእጄ አንድ መስመር ጨምሬ ይዤ እዞራለሁ፤ «የአጥሩ ሁኔታ፣ በውጭ፣ በውስጥ፣ በእግሩ» ይላል። ይህ የመጽሔት ክፍል ሲደርሳችሁ መፀው ከሆነ ቢላዋ ይዞ በቋሚዎቹ ሥር ለመዞር ጊዜው ነው፤ በጋ ከሆነ ድንጋዩን መለየት፣ ጸደይ ከሆነም ጎረቤትን መጥራት ይቀድማል።